ገበጣን ወደ ስልክ፦ የኦነርስ ዓመቴ የሥራ ማስታወሻ

ማርች፣ ሴሚስተሩ ሲጀመር

ሜልበርን በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኦነርስ ጀመርኩ። የመረጥኩት ዘርፍ ጌም ዴቨሎፕመንት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን እዚህ እየመዘገብኩ እሄዳለሁ። ወራቱን እዚህ አገር በሚጠሩበት ስም፣ ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገረው። አውስትራሊያ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ኦነርስ ከዚያ በላይ የሚጨመር የምርምር ዓመት ነው። በአገሪቱ የትምህርት ደረጃ ሰንጠረዥ ባችለር 7ኛ፣ ኦነርስ 8ኛ፣ ማስተርስ 9ኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ኦነርስ ጥቂት ኮርሶች አሉበት። ዓመቱን የሚወስደው ግን አንድ ፕሮጀክትና ስለ እሱ የሚጻፈው ቴሲስ ነው። አንደኛ ደረጃ ውጤት ያገኘ ሰው ማስተርስ ሳይማር በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይችላል።

ጌም እማራለሁ ስል ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ጌም የምሠራ ይመስለዋል። በአይቲ ፋኩልቲ ሥር ሲሆን ነገሩ ለየት ይላል። ፈታኞቹ ጌሙ ያምራል ወይ ብለው አይተዉትም። ጥያቄሽ ምንድን ነው? በምን መንገድ መለስሽው? ሌላ ሰው ያንኑ መንገድ ተከትሎ ያንኑ ውጤት ያገኛል? ነጥብ የሚሰጠው ለእነዚህ መልሶች ነው። ስለዚህ ኮድ ከመጻፌ በፊት ጥያቄ ማግኘት አለብኝ።

ርዕሰ ጉዳዩ ላይ ግን ከድሮም ሐሳቤ አልተቀየረም። ገበጣ ነው፤ ከአንድ ጉድጓድ ጠጠር አንስተው በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ እያደሉ የሚጫወቱት።

ምክንያቱን ልጻፈው። ስልክ ላይ ማንካላ (ገበጣን የመሰሉ ጨዋታዎች የጋራ መጠሪያ) ብሎ የፈለገ ሰው በብዛት የሚያገኘው አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው። ስሙ ካላህ ይባላል። ሕጉን በ1940 አካባቢ ያወጣው ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒዮን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን እዚህ የተወለዱ የእኛ ልጆች እሱን እየተጫወቱ "ይሄ የእናንተ አገር ጨዋታ ነው አይደል?" ይሉኛል። አይደለም። የእኛዎቹ ሌሎች ናቸው፣ ደግሞም ብዙ ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሰበሰባቸው የገበጣ ዓይነቶች ረጅም ዝርዝር ይወጣቸዋል። በዓለም ላይ ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ የሚታወቀውም በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ነው።

ማርች መጨረሻ

ጥያቄዬ ተስተካከለ። አማካሪዬ መጀመሪያ ያመጣሁትን አንብበው "ይህ የአምስት ሰው ፒኤችዲ ነው" ብለው መለሱልኝ። ገበጣን ማዳን፣ ባህልን ማስተዋወቅ፣ ልጆችን ማስተማር፣ ሁሉም ነበረበት። አሁን የቀረው ይሄ ነው፦ ገበጣን በስልክ የሚማር ጀማሪ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ሲታደሉ ቢያይ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ የመገመት ችሎታው ይሻሻላል? ወይስ ውጤቱን ወዲያው ቢያይም ልዩነት የለውም?

ጠባብ ነው። ግን ይመለሳል። የገበጣ ጨዋታ ልብም እዚያው ላይ ነው። ጥሩ ተጫዋች ማለት እጁን ከመስደዱ በፊት መጨረሻውን ያየ ሰው ነው።

መሥሪያውንም መረጥኩ። ጎዶት ነው። ጎዶት በሁለት አርጀንቲናውያን የተጀመረ፣ በ2014 ኮዱ ለሕዝብ የተከፈተ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው ስለሆነ የሠራሁበትን ለማንም ብሰጥ የሚጠይቀኝ የለም። በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርነው ዩኒቲ በሚባል ሌላ ጌም መሥሪያ ነበር፤ እሱም ጠንካራ ነው። ግን ዩኒቲ በሴፕቴምበር 2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ሰረዘው። በዚያ መሀል ብዙ ትንንሽ ጌም ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ጎዶት አዞሩ። እኔ የምሠራው በነፃ የሚታደል ነገር ስለሆነ ምርጫው አልከበደኝም።

ኤፕሪል መጀመሪያ

ቅዳሜ ከሰዓት ፉትስክሬይ ሄድኩ። ፉትስክሬይ የሜልበርን ምዕራብ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ ቡናው፣ ቅመም መሸጫው በብዛት ያለው እዚያ ነው። ገበጣ የሚችሉ ትልልቅ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ነበር። አማካሪዬ አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል። የሥነ ምግባር ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ ከሰዎቹ የምሰማውን እንደ ምርምር ዳታ ልጠቀምበት አልችልም። ለንድፉ ሐሳብ ለማግኘት ግን መጫወት ይቻላል። ስለዚህ ልጫወት ሄድኩ።

ገበጣው ከእንጨት የተፈለፈለ ነው። አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት ረድፍ። ጠጠር ጠፍቶ ባቄላ አመጡ። ገና አራት አራት እየሞላን እያለ ክርክሩ ተጀመረ።

"በቀኝ ነው የሚታደለው" አሉ ወሎ ያደጉት ጋሼ።

"ኧረ በግራ ነው! አንቺ ልጅ፣ በግራ ጻፊው" አሉ እትዬ፣ የጎንደር ናቸው።

"እትዬ፣ ሁለቱንም ልጻፈው?"

"ሁለቱንም ከጻፍሽው ማን ትክክል ሊሆን ነው?"

ክርክሩ በአቅጣጫው ብቻ አላበቃም። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ነው የሚገባው ወይስ አራት? የመጨረሻዋ ጠጠር ሦስት ያለበት ላይ ወርዳ አራት ስታደርጋቸው ወዲያው ይበላሉ ወይስ ጉድጓዱ በሙሉ የራስ ይሆናል? ጠጠር ያለቀበት ሰው ተራው ያልፈዋል ወይስ ጨዋታው ያበቃል? ጋሼና እትዬ ተስማምተው ለመጀመር ቡና አንድ ዙር ፈጀባቸው። ከዚያ እትዬ በጋሼ ሕግ ተጫውተው አሸነፏቸው።

ቤት ተመልሼ የጻፍኩት አንድ ነገር ነው። ሕጉ ላይ መነጋገር የጨዋታው ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች ገበጣ ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት መስማማት ነው። እኔ ደግሞ ኮድ ስጽፍ አንዱን መርጬ ሌላውን መጣል እችላለሁ፤ ኮድ እንደዚያ እንድሠራ ይገፋፋኛል። ካላህም ዓለምን የሞላው አንድ ሕግ ስለተመረጠለት ይመስለኛል። እኔ ያንን ማድረግ አልፈልግም። በአፔ ምክንያት አንድ የጎንደር ልጅ የአያቱ ሕግ "ስህተት" እንደሆነ ቢማር፣ ባልሠራው ይሻለኝ ነበር።

ኤፕሪል አጋማሽ

ሕጎቹን ከኮዱ አወጣኋቸው። ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ጌሙ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ስለ ስክሪን ምንም አያውቅም። የሚያውቀው አሥራ ሁለት ቁጥር የያዘ ዝርዝርና የሕጎች ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ አቅጣጫ፣ የመነሻ ጠጠር ብዛት፣ አበላል፣ አጨራረስ በየስማቸው ተቀምጠዋል። ተጫዋቹ ጉድጓድ ሲመርጥ ይህ ክፍል ተራውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያሰላና የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ከዚህ ተነሳ፣ እዚህ ወረደ፣ እዚህ ወረደ፣ ተበላ፣ አበቃ። ሁለተኛው ክፍል ያንን ዝርዝር ተቀብሎ በሥዕልና በድምፅ ያጫውታል።

ይህ ክፍፍል ለምርምሩም የግድ ነው። አንዱ ቡድን አንድ በአንድ ሲታደል ያያል፤ ሌላው ውጤቱን ወዲያው ያያል። ከታች ያለው ሒሳብ ግን የሁለቱም አንድ መሆን አለበት። አለበለዚያ ያገኘሁት ልዩነት ከምን እንደመጣ መናገር አልችልም።

እትዬ በግራ ብለው ከመረጡ ጌሙ በግራ ያድላል። ጋሼ በቀኝ ካሉ በቀኝ። ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ ጌሙ መጀመሪያ የሚያሳየው የስምምነት ገጽ ነው። "በየት በኩል እናድል?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ካልነኩት ጨዋታው አይጀመርም። ይህን ገጽ በጣም ወድጄዋለሁ።

ኤፕሪል መጨረሻ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ስቆጥር ዋልኩ። ኮዱ ትክክል መሆኑን የምለካበት አንድ የታወቀ መልስ ያስፈልገኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ጉድጓድ ሲባዛ በአራት፣ 48 ጠጠር። የምንጠቀምበት ሕግ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ካረፈች እዚያ ያለውን በሙሉ አንስቶ መቀጠል ነው፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያበቃል። አሁን ከመጀመሪያው ጉድጓድ አራቱን አንሱ። አራተኛዋ ከምታርፍበት አምስት ይነሳሉ። ከዚያ ሌላ አምስት። ከዚያ ስድስት። ከዚያ እንደገና ስድስት። የመጨረሻዋ ከተነሳንበት ሁለት ጉድጓድ አልፋ ታርፋለች፤ እዚያ የነበሩት ስድስቱ በመሀል ስለተነሱ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። ያበቃል። ሲደመር 26 ጠጠር ታድሏል።

ቆንጆው ነገር ሁሉም ጉድጓድ እኩል ስለሚጀምር ከየትም ብትነሱ ጉዞው ይኸው ነው። የሚለየው የትኛው ጉድጓድ በማን በኩል መዋሉ ብቻ ነው። በጉዞው ላይ አንድም ጊዜ አራት የሚሞላ ስለሌለ በመጀመሪያው ተራ የሚበላም የለም። በገበጣችሁ ሞክሩት።

ይህን ፈተና ኮዱ ውስጥ አስገባሁት። ከእሱ ጋር ሌላም አለ፦ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ገበጣው ላይ ያለውና የተበላው ተደምሮ 48 መሆን አለበት። 47 ከሆነ ጠጠር ጠፍቷል ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ ይቆማል።

ሒሳቡ ለአኒሜሽኑም ጠቀመኝ። በአንድ ጠጠር 0.4 ሰከንድ ብሰጥ የመጀመሪያው ተራ ብቻ 10.4 ሰከንድ ይወስዳል። ያ ለስልክ ረጅም ነው። በ0.2 ሰከንድ 5.2 ይሆናል። ዓይን ይከተለዋል፣ አያሰለችም። እሱን ያዝኩ።

ሜይ

የሥነ ምግባር ማመልከቻ። እዚህ አገር ሰው የሚሳተፍበት ምርምር ያለ ፈቃድ አይጀመርም። ጌም ማጫወትም ቢሆን። ለተሳታፊው ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ወረቀት፣ የፈቃደኝነት ፊርማ፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ሁሉም ይጻፋል። ማብራሪያ ወረቀቱን በአማርኛም አዘጋጀሁ። ትልልቅ ሰዎች በማያነቡት ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ አልፈልግም።

ማመልከቻው ኮሚቴው ጋ ነው። እስከዚያ ሌላ ሥራ አለኝ።

ጁን

ብቻውን ለሚጫወት ሰው ስልኩ ተቃራኒ መሆን አለበት። ስለዚህ ይህን ወር የፈጀሁት ኮምፒውተሩን ገበጣ በማስተማር ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው፣ ሚኒማክስ ይባላል። እኔ ይህን ብጫወት እሱ ምን ይመልሳል፣ ያንን ቢመልስ እኔ ምን አደርጋለሁ እያለ ወደፊት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከሁሉም የተሻለውን ይመርጣል። ገበጣ ለዚህ ይመቻል፤ ተጫዋቹ በአንድ ተራ ቢበዛ ስድስት ምርጫ ነው ያለው። ግን ስድስት በፍጥነት ያድጋል። ስምንት ተራ ወደፊት ለማየት 6 ስምንት ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ 1,679,616 መጨረሻዎች። አልፋ ቤታ የሚባለው ዘዴ ውጤቱን ሊቀይሩ የማይችሉትን ቅርንጫፎች ሳያያቸው ይቆርጣል። ምርጫዎቹ ከጥሩ ወደ መጥፎ በትክክል ከተደረደሩለት ያ ቁጥር እስከ 2,591 ሊወርድ ይችላል። እንደዚያ ፍጹም መደርደር በተግባር አይገኝም። ቢሆንም ልዩነቱ ስልኩ ላይ ወዲያው ይታያል።

እዚህ ላይ የቀደሙ ሰዎች ሥራ አነበብኩ፣ ደስም አለኝ። ካላህ በ2000 በኮምፒውተር ተፈትቷል። በየወገኑ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ሆኖ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ጀማሪው ያሸንፋል። አዋሪ የሚባለው፣ ከምዕራብ አፍሪካው ኦዋሬ ጋር አንድ የሆነው ጨዋታ ደግሞ በ2002 አምስተርዳም ውስጥ ተፈታ። ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል የሚባሉ ተመራማሪዎች 889 ቢሊዮን ያህል የጨዋታ ሁኔታዎችን አስልተው መጨረሻው እኩል መውጣት መሆኑን አሳዩ። የእኛዎቹም አንድ ቀን እንደዚህ ቢጠኑ እመኛለሁ። ጉጉቱ ያለው ተማሪ ካለ ባለ ሦስት ረድፉ ጥሩ ርዕስ ነው።

የገበጣ ልዩ ችግር እያነሱ መቀጠሉ ነው። አንድ ተራ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ አስቀድሞ አይታወቅም። በምሥራቅ አፍሪካው ባዎ ማለቂያ የሌለው ተራ ሊፈጠር እንደሚችል ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የእኔ ሕግ ላይ ይፈጠር አይፈጠር በማሰላሰል አልቆየሁም። ጣሪያ አበጀሁለት፤ ከዚያ ካለፈ ተራው እንዳለ ይቆማል። ጣሪያውም ከሕጎቹ ጋር በፋይሉ ውስጥ ነው።

ደረጃዎቹን ሦስት አደረግኩ። ጀማሪው አንድ ተራ ብቻ ያያል፣ መካከለኛው ሦስት፣ ብርቱው ስምንት። ብርቱው ያሸንፈኛል።

ጁላይ፣ የክረምት እረፍት

እዚህ ጁላይ ብርድ ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ ጉዳይ። ላፕቶፔ ላይ በደንብ የሚታየው ፊደል ብራውዘር ውስጥ በሚከፈተው ቅጂ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ከማሽኑ ፎንት ይበደራል፤ ብራውዘር ላይ መበደር አይችልም። መፍትሔው ፎንቱን ከጌሙ ጋር አብሮ ማሸግ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገባሁ፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ እያለ በአማርኛ የተሠራ ጌም እንደ ብርቅ የሚታየው በቴክኖሎጂው ምክንያት አይደለም። ሠሪው ስላነሰ ነው።

ቁልፎቹ ላይ ቃላት አሳጠርኩ። "ጀምር" ብዬ ለሁሉም ማለት አልፈለግኩም፤ እትዬን "ጀምር" አልላቸውም። "ይጀመር" አልኩ። "ይድገሙ"፣ "ተራው የእርስዎ ነው"። አንቱታው ለልጅም አይከፋም።

የሥነ ምግባር ፈቃዱ መጣ።

ኦገስት

ሙከራው ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። ሁሉም ገበጣ ተጫውተው የማያውቁ ናቸው፤ ግማሾቹ የእኛ ልጆች፣ ግማሾቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች። አንዱ ቡድን ጠጠሩ እየታደለ በድምፅ ያያል። ሌላው ውጤቱን ብቻ። ጥቂት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ያልታየ አቀማመጥ አሳያቸዋለሁ። "ከዚህ ቢነሳ የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?" መልሱን በጣታቸው ይነካሉ።

ትልልቆቹን ለብቻ ነው የያዝኳቸው። እነሱ ጀማሪ ስላልሆኑ በመለኪያው ውስጥ አይገቡም። የማወራቸው ስለ አጨዋወቱ ነው። ከእነሱ የተማርኩት ግን ከሁሉም በላይ ሥራዬን ቀየረው።

እትዬ ስልኩን ያዙ። ጉድጓዱን ነኩ። ጠጠሮቹ መታደል ጀመሩ። እትዬ ስልኩን ቀና አድርገው አዩኝ።

"ለምንድን ነው እሱ የሚያድልልኝ?"

"በራሱ እንዲሄድ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ ላድለው እንጂ! እጄ ምን ሆነ?"

ጋሼም ተቀበሏቸው። በእጅ ሲታደል በየጉድጓዱ ስንት እንደቀረ ይታወቃል አሉ። እፍኝ ውስጥ ያለው ሲቀንስ መዳፍ ይነግርሃል። በስልኩ ግን ጠጠሩ ይሮጣል፣ ሰው ቆሞ ያያል።

ሌላም ጠየቁ። ጉድጓዶቹ ላይ ያለውን ቁጥር አጥፊው አሉኝ። እነሱ አይቆጥሩም፤ ክምሩን አይተው ያውቁታል። ልጆቹ ደግሞ ቁጥሩን ይፈልጉታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቁጥሩን የሚያሳይና የሚደብቅ ቁልፍ አስገባሁ፤ እሱም ስምምነት ገጹ ላይ ነው ያለው።

ስለ ማደሉ ግን ቁልፍ ብቻ አይበቃም። ሦስተኛ አማራጭ ያስፈልጋል፦ ተጫዋቹ በጣቱ እየነካ ጠጠሯን አንድ በአንድ የሚያወርድበት። በምርምሩ ውስጥ ከገባ አዲስ ቡድን ነው፣ አዲስ ቡድን ማለት ደግሞ ለኮሚቴው የማሻሻያ ጥያቄ ማለት ነው። አማካሪዬ ጊዜውን አስበው "ጻፊው፤ ይህ ከዋናው ጥያቄሽ የተሻለ ጥያቄ ሊሆን ይችላል" አሉኝ። ጻፍኩት።

ማሻሻያው እስኪመጣ ኮዱን ጨረስኩ። ሒሳቡና ሥዕሉ ስለተለያዩ ቀላል ነበር። ዝርዝሩ ያው ነው፤ ቀጣዩን እርምጃ የሚያስነሳው ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ጣት ሆነ። ጠጠሯ ስትወርድ ስልኩ በትንሹ ይነዝራል።

ሴፕቴምበር

ማሻሻያው ተፈቅዶ ሦስተኛው ቡድንም ተጫወተ። አሁን ዳታውን እያነበብኩ ነው።

ተሳታፊዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ከዚህ ተነስቼ ስለ ሰው ሁሉ መናገር አይቻልም። ቴሲሱም ይህን በግልጽ ይጽፋል። የታየው ግን ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስቶ በሚያበቃ ተራ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራራቢ ናቸው፤ ቆጥሮ መድረስ ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚነሳ ተራ ላይ ውጤቱን ብቻ ያዩት ወደኋላ ቀሩ። ሲታደል ያዩት ተሻሉ። በጣታቸው ያደሉት ደግሞ ከሁሉም ተሻሉ። ከዚያ በላይ ሲረዝም ሁሉም ይጠፋባቸዋል። እኔም ይጠፋብኛል፤ ጋሼን ግን አይጠፋቸውም።

ደስ ያለኝ ሌላ ነገር አለ። በጣታቸው ያደሉት ልጆች ለጥያቄው ሲመልሱ ጣታቸው በአየር ላይ እየሄደ ነበር። ጉድጓዱን ሳይነኩ ያድላሉ። ይህን ማንም አላሳያቸውም። ቪዲዮ ለመቅረጽ ፈቃድ ስላልጠየቅኩ ያለኝ በእጄ የጻፍኩት ማስታወሻ ነው፤ ቴሲሱ ውስጥ እንደ ምልከታ ይገባል።

ለትንተናው በ2004 ከወጣ ጀምሮ በጌም ትምህርት የሚጠቀሙበትን ኤምዲኤ የሚባል ማዕቀፍ ወሰድኩ። ጌምን በሦስት ደረጃ ያየዋል፦ ሕጉ፣ ከሕጉ የሚወጣው አጨዋወት፣ ተጫዋቹ የሚሰማው። ሠሪው ከሕጉ በኩል ይጀምራል፣ ተጫዋቹ ከስሜቱ በኩል። የእትዬ ጥያቄ በትክክል እዚህ ላይ ይገባል። እኔ ሕጉን ሳልነካ ማደሉን ከእጃቸው ስወስድ ሕጉ ያው ነው፣ ጨዋታው ግን ሌላ ሆነባቸው።

ኦክቶበር

መጻፍ፣ መቁረጥ፣ መጻፍ። በዚሁ ወር ሜልበርን የጌም ሳምንት ነው። ከተማው ጌም ሠሪ ይሞላል፣ እኔ ደግሞ ምዕራፍ አራት ላይ ነኝ። አንድ ምሽት ብቻ ወጥቼ ጌሙን ለጥቂት ሠሪዎች አሳየሁ። ስምምነት ገጹን ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩበት። አንዱ "ተጫዋቹ ሕጉን ሳይስማማ አይጀመርም?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አዎ፣ አይጀመርም።

ኖቬምበር

ቴሲሱን አስገባሁ፣ አቀራረቡም አለፈ። ውጤቱ ገና ነው።

ጌሙ ለአንድሮይድም ለብራውዘርም ዝግጁ ነው። ኮዱን በኤምአይቲ ፈቃድ እከፍተዋለሁ፤ ማንም ወስዶ ይቀጥልበት። አሁን ባለ ሁለት ረድፉ ላይ አምስት የሕግ ስብስቦች አሉ፤ የጋሼና የእትዬ በየአካባቢያቸው ስም ገብተዋል።

የሚቀጥለው ሥራ ባለ ሦስት ረድፉ ነው። እሱ ላይ የሚከብደው መንገዱ ነው። በሁለት ረድፍ ጠጠር ዙሪያውን ይሄዳል፣ ያልቃል። በሦስት ረድፍ መካከለኛው ረድፍ ላይ መቼ ይገባል፣ ከየት ይታጠፋል የሚለው እንደ አካባቢው ይለያያል። ስለዚህ መንገዱንም ወደ ሕጎች ፋይል ማውጣት አለብኝ። አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች አሥራ ስምንት ይሆናሉ፣ "ቀጣዩ ጉድጓድ የቱ ነው?" የሚለው ደግሞ በሠንጠረዥ ይጻፋል።

ለዚህ እርዳታ እፈልጋለሁ። ገበጣ የተጫወታችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ የሚጫወቱ፣ አምስት ነገር ጻፉልኝ፦ ያደጋችሁበትን አካባቢ፣ ስንት ረድፍና ስንት ጉድጓድ እንደነበረው፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንደሚጀመር፣ በየት በኩል እንደሚታደል፣ እና መቼ እንደሚበላ። ባለ ሦስት ረድፍ ከሆነ መንገዱን በወረቀት ላይ በቀስት ሥላችሁ ፎቶ አንሱልኝ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ከነገሯችሁ ሁለቱንም ላኩልኝ።